ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ምክር፦ በጤና ጣቢያ የታካሚን ልማድ ማሻሻል እንዴት ይቻላል?

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ጠዋት ላይ ካርድ ያወጡ ሰዎች ተራቸውን ሲጠብቁ አንድ ባለሙያ ፊታቸው ቆሞ የጤና ትምህርት ይሰጣል። ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ አታጭሱ፣ አትክልት ብሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ትምህርቱ መቅረት የለበትም። ልማድ የሚቀየረው ግን እዚያ አይደለም። ለሃምሳ ሰው በአንድ ድምፅ የተነገረውን ነገር «ለእኔ ነው» ብሎ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ የወሰደውም ቢሆን ቤቱ ሲገባ ከየት እንደሚጀምር አልተነገረውም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሲመለስ «ያ ነገር እንዴት ሆነልህ?» ብሎ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው።

ታካሚው ልማዱን እንደገና የሚያይበት ሰዓት ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው፦ ግፊቱ ሲለካ፣ ውጤቱ ሲነገረው፣ መድኃኒት ሲቀበል፣ እናት ልጇን ስታስከትብ። እነዚህ አጋጣሚዎች አሁንም በየቀኑ አሉ፤ አዲስ ክፍልም አዲስ በጀትም አይጠይቁም። የሚጎድለው ሦስት ደቂቃውን በምን እንደምንሞላው ማወቅ ነው።

ሦስት ደቂቃ ምን ይለውጣል ለሚል ሰው አንድ የቆየ ጥናት ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ራስልና ባልደረቦቻቸው በለንደን፣ ለማንኛውም ሕመም ሐኪም ዘንድ የመጡ ከ2,000 በላይ አጫሾችን በአራት ቡድን ከፋፍለው አንድ ዓመት ተከታተሉ። ምንም ካልተደረገላቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ያቆሙት 0.3 በመቶ ነበሩ። ስለ ማጨሳቸው መጠይቅ ብቻ ከሞሉት 1.6 በመቶ፣ ሐኪሙ እንዲያቆሙ ከመከራቸው 3.3 በመቶ አቆሙ። ምክሩ ላይ በራሪ ወረቀት ተጨምሮ «ወደፊት ተመልሰን እንጠይቃችኋለን» ከተባሉት ደግሞ 5.1 በመቶ። ከ100 ሰው 5 ማለት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ጤና ጣቢያ የአገልግሎት ክልል ወደ 25,000 ሕዝብ ነው፤ ምክሩም በየዓመቱ ይደጋገማል። ከዚህ ጥናት ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር በመጨረሻዎቹ ሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ወረቀትና ተመልሶ የመጠየቅ ቃል ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የአንድ ሰው አማካይ የጨው ፍጆታም በቀን ከ8 ግራም በላይ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከጨው እንጀምር። አብዛኛው የምንበላው ጨው ቤት ውስጥ፣ በእኛው እጅ የሚጨመር ስለሆነ ቤተሰቡ ከወሰነ ሊቀንሰው ይችላል።

አንድ የስልሳ ዓመት አባት ግፊታቸው 158 በ96 ሆኖ ተገኘ እንበል። መጀመሪያ ቁጥሩ ትክክል መሆን አለበት። በተሳሳተ ልኬት ላይ የቆመ ምክር ታካሚውን በከንቱ ያስደነግጣል። አምስት ደቂቃ ዐርፈው፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው ሳይነባበር፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ሆኖ፣ ካፉ (ክንድ ላይ ታስሮ የሚነፋው የመለኪያው ጨርቅ) ከልብስ በላይ ሳይሆን በቆዳቸው ላይ ታስሮ ይለካሉ። ከመለካታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥተው ወይም አጭሰው ከሆነ ይጠብቃሉ። ሽንት ይዟቸው ከሆነም ቀድመው ይሄዳሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይደገማል።

ከዚያ ንግግሩ በፈቃድ ይጀምራል፦ «አባባ፣ ግፊትዎ ዛሬ ከፍ ብሏል። ቤት ውስጥ ስለሚበላው ጨው ጥቂት ብጠይቅዎ ይፈቅዱልኛል?» ይህ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈቃድ የተጠየቀ ሰው ለመስማት ይዘጋጃል፤ ሳይጠየቅ የተመከረ ሰው ግን ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ጨው ያበዛሉ?» ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው፤ ማንም «አዎ፣ አበዛለሁ» አይልም። የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «አንድ ኪሎ ጨው ለስንት ቀን ይበቃችኋል? ከማዕዱ የሚበላውስ ስንት ሰው ነው?» ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በቀን 5 ግራም ቢታሰብ አንድ ኪሎ ለ200 ሰው አንድ ቀን ይበቃል። 200ን ለቤተሰቡ ቁጥር ማካፈል ነው፦ ለአምስት ሰው 40 ቀን፣ ለአራት ሰው 50 ቀን። አምስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ኪሎውን በ20 ቀን ከጨረሰ እያንዳንዱ በቀን 10 ግራም፣ ማለትም ከሚመከረው ጣሪያ እጥፍ እየበላ ነው። ለቋንጣ ወይም ለከብት የዋለ ጨው ካለ ይቀነሳል። በዳቦና በሆቴል ምግብ ውስጥ ያለው ግን በዚህ ስሌት አልገባም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከተገኘው ከፍ ይላል።

የተደበቀው ጨው የት እንዳለም መጠየቅ ይገባል። በርበሬ ሲዘጋጅ ብዙ ቤት ጨው አብሮ ይገባበታል፤ ሽሮም እንዲሁ። ከዚያ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። አዋዜ፣ ዳጣ፣ ሚጥሚጣ ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ሦስተኛው ዙር መጣ ማለት ነው። ጨው ቀንሰው በምትኩ የወጥ ማጣፈጫ ኩብ የጀመሩ ሰዎችም ያጋጥማሉ፤ የኩቡ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጨው ስለሆነ የተቀነሰው በሌላ በር ተመለሰ።

አሁን ምክሩ ይመጣል፤ አንድ ብቻ። «ጨው ይቀንሱ» ምኞት እንጂ ምክር አይደለም። ምክር የሚባለው መቼ፣ በምንና በማን እንደሚፈጸም የታወቀ ነገር ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ጨው በእጅ አይጨመር፤ የጨው ዕቃው ውስጥ አንዲት የሻይ ማንኪያ ትቀመጥ፤ ለአምስታችሁ የቀኑ ሁሉ ወጥ ከአራት ልሙጥ ማንኪያ አይበልጥ።» አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ግራምን ትንሽ ያልፋል፤ አንዷን ማንኪያ የምንተወው በበርበሬውና በዳቦው ላለው ነው። እስካሁን ስምንት ማንኪያ የለመደ ቤት በአንድ ቀን ወደ አራት ሊወርድ ሲሞክር ግን ምግቡ ይጠላና ውሳኔው በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ያህል እየቀነሱ መውረድ ይሻላል፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። የሚቀጥለው በርበሬ ሲደለዝ ጨው ሳይገባበት ማዘጋጀት ደግሞ ለወራት የሚቆይ ለውጥ ነው። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ሎሚ ይክሱታል። ጨው ስንቀንስ ከአዮዲን ጨው ወደ ተራ ጨው መሄድ ግን አይገባም፤ አዮዲኑ በእሳት እንዳይጠፋም ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ታካሚው ምን እንደሚያተርፍ በቁጥር ሊነገረው ይገባል። ከፍተኛ ግፊት ያለበት ሰው ጨውን በቀን በ4 ግራም ገደማ ለሳምንታት ቢቀንስ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 5 ያህል ይወርዳል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ይህን ሰምቶ ክኒኑን እንዳይተው ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ይነገረው። «ግፊቴ ወርዷል» ብሎ መድኃኒት ማቆም በክትትል ክፍል በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው፤ የወረደው መድኃኒቱ እየተወሰደ ስለሆነ ነው።

እዚህ ድረስ ጥሩ ተኪዶ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአንዲት ቃል ነው፦ «እሺ»። በእኛ ባህል ታላቅ ወይም የተማረ ሰው ሲናገር «እሺ ዶክተር»፣ «እሺ ሲስተር» ማለት አክብሮት ነው። ተስማምቻለሁ ወይም ገብቶኛል ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከእሺ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ታካሚው በራሱ አፍ እንዲናገር ማድረግ ነው፦ «በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ ብዬ ነው፤ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ጥያቄው ፈተና እንዳይመስል ኃላፊነቱን ባለሙያው በራሱ ላይ አደረገ። ደግሞም ወጡን የሚሠራው ሰው ክፍሉ ውስጥ እንደሌለ አስታወሰ። የጨው ምክር ለአባወራው ብቻ ተነግሮ ወጥ የምትሠራው ሚስት ወይም ልጅ ካልሰማች ምንም አይለወጥም፤ ቢቻል በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራ ትምጣ።

ሁለተኛው ታካሚው በራሱ ያለውን መተማመን መለካት ነው። ፊደል ለቆጠረም ላልቆጠረም በጣት ይሆናል፦ «ይህን እንደሚያደርጉት ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት? አስሩም ጣት ከሆነ ፍጹም እርግጠኛ፣ ባዶ ከሆነ በፍጹም አይሆንም።» ታካሚው አራት ጣት ካነሳ «ለምን አራት ብቻ?» አይባልም፤ ያ ሰበብ ያስቆጥረዋል። «ሁለት ሳይሆን አራት ያሉት ለምንድን ነው?» ሲባል ግን ለመለወጥ ያለውን ምክንያት ራሱ መናገር ይጀምራል። ከሰባት በታች ከሆነ ዕቅዱ ይነስ፦ ከወጡ ሁሉ ይልቅ ማዕድ ላይ የሚቀርበውን ሚጥሚጣ ብቻ ማስቀረት። ትንሽ ሆኖ የተፈጸመ ነገር ትልቅ ሆኖ ከተረሳው ይበልጣል።

በመጨረሻ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፦ «ጨው፤ በማንኪያ፤ ባለቤታቸው ይነገራቸው፤ 7 ጣት፤ በቀጠሮ ይጠየቁ።» በሚቀጥለው ጊዜ የሚያያቸው ሌላ ባለሙያ ሊሆን ስለሚችል ይህ መስመር ከሌለ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

በእርግዝና ክትትል የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ነፍሰ ጡሯ የአይረን (የብረት ማዕድን) እና ፎሊክ አሲድ ክኒን ይሰጣታል፤ ብዙዎች ግን ሳይጨርሱት ይተዉታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽና የሰገራ መጥቆር ነው። መጥቆሩ ከክኒኑ የሚመጣ ጉዳት የሌለው ነገር መሆኑ አስቀድሞ ቢነገራት ባልደነገጠች። ማቅለሽለሹ ክኒኑ ማታ ከመኝታ በፊት ሲወሰድ ለብዙዎቹ ይቀላል። በእኛ አገር ሊዘለል የማይገባው ግን ቡናና ሻይ ነው፤ ሁለቱም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ክኒኑን ከቡና ጋር የምትወስድ እናት ሙሉውን ብትጨርስም ከጥቅሙ ብዙ ታጣለች። ስለዚህ ጥያቄው «ክኒኑን በስንት ሰዓት ትወስጃለሽ? ቡናስ በስንት ሰዓት?» ይሆናል፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ይኑር። ቡናው ሳይከለከል ሰዓቱ ብቻ ስለሚለያይ እናቲቱ ትቀበለዋለች። በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ቢወሰድ ይመረጣል። ጠላም እንደ መጠጥ እንደሚቆጠርና በእርግዝና ጊዜ አይጎዳም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በዚያው ይነገራት።

ክትባት ክፍልም እናቲቱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎም በ9ኛውና በ15ኛው ወር የምትመለስበት ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «ከጡት ሌላ ምን ቀምሷል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ጡት ብቻ ነው የምትሰጪው?» ከተባለ ውኃና አብሽ የሰጠችም «አዎ» ትላለች።

የአጠያየቁ ነገር በመጠጥ፣ በጫትና በትምባሆ ይብሳል። «ትጠጣለህ?» ሲባል «አልጠጣም» የሚለው ሰው ጠላን ከመጠጥ አልቆጠረም። በስም እየጠሩ መጠየቅ ነው፦ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ፣ ድራፍት። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን? በአንዱ ቀን ስንት?» አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ አንዲት መለኪያም ያንኑ ልታህል ትችላለች። ትምባሆ ሲጠየቅም ሲጋራ ብቻ ሳይሆን ሺሻና ጋያ ይጠሩ። ጫት የሚቅም ሰው ግፊቱና የልብ ምቱ በቃመበት ሰዓት ይጨምራል። ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ ብሎ የሚጠጣ ከሆነ ሁለቱን ለያይቶ ከመምከር «የቃሙ ዕለት ነው የሚጠጡት?» ብሎ ሰንሰለቱን ማግኘት ይጠቅማል። የስኳር ታማሚ ከሆነ ደግሞ ጫቱ ረሃቡን አጥፍቶ ምሳ ያስዘልላል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ በሌላ በኩል ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ በጥብቅ መያዝ አለበት። በየቀኑ ብዙ ለሚጠጣና ጠዋት እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው «ከነገ ጀምሮ አቁም» ማለት አደገኛ ነው። በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ሕይወትም ያልፋል። እንዲህ ያለው ሰው በሕክምና ክትትል እንዲያቆም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ጾምም የጤና ባለሙያ ዝም ብሎ የሚያልፈው ጉዳይ አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን አንድ ወር። ብዙ የስኳር ታማሚዎች መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ሳይጠይቁ ይጾማሉ፤ ባለሙያው ይቆጣናል ብለው ይደብቃሉ። ስለዚህ ባለሙያው ቀድሞ ይጠይቅ፤ ከጾሙ አንድ ወይም ሁለት ወር አስቀድሞ በሚውል ቀጠሮ፦ «ዘንድሮ ለመጾም አስበዋል?» ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ ሲውል ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስጋቱ ያነሰ ነው። መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪሙ ያስተካክላል። ላብ ካሰመጠው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ሳይዘገይ ጾሙን ይፈታል። በሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ከነፍስ አባቱ ወይም ከኢማሙ እንዲሰማ ማበረታታት ከባለሙያው ክርክር ይልቅ ይሠራል።

ይህ ሁሉ በየት በኩል ጊዜ ይገኝለታል? በቀን 40 ታካሚ የሚያይ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢጨምር ሁለት ሰዓት ነው፤ አይሆንም። መፍትሔው መከፋፈል ነው። ግፊት የሚለካው ነርስ የዕረፍቱ ደቂቃ ከመጀመሩ በፊት አንዷን ጥያቄ ጠይቆ መልሷን በካርዱ ይጽፋል። በዕረፍቱና በመለካት ላይ ሳለ ግን አያናግርም፤ ንግግር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። መርማሪው ካርዱን አይቶ አንድ ምክር ብቻ ይሰጣል። ፋርማሲ ላይ መድኃኒቱ ሲሰጥ ያው ምክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደገማል። ሁሉንም ታካሚ በአንድ ጊዜ ከመጀመር በግፊትና በስኳር ክትትል ላይ ካሉት መነሣት ይሻላል፤ እነሱ ይመለሳሉ፤ ተመልሶ መጠየቅ የሚቻለውም ለተመላሽ ነው። ሩቅ ቀበሌ ላለው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትሄድ እንድትጠይቅ ያችን አንድ መስመር መላክ ይቻላል።

ሥራው እየተሠራ መሆኑን ለማወቅ ትልቅ ሪፖርት አያስፈልግም። በወሩ መጨረሻ ከክትትል ክፍል 20 ካርድ ያለ ምርጫ ይወጣና ሦስት ነገር ይቆጠራል፦ ስንቱ ላይ ጥያቄው ተጽፏል፣ ስንቱ ላይ አንድ የተወሰነ ዕቅድ አለ፣ ስንቱ ላይ ደግሞ ያለፈው ዕቅድ በቀጠሮው ተጠይቋል። መጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ካለ ችግሩ መለኪያ ክፍሉ ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜም ወረፋው ተጨናንቆ ጥያቄውም የዕረፍቱ ደቂቃም ተዘልለዋል፣ ያ ከሆነ ደግሞ የግፊት ቁጥሮቹም አይታመኑም። ሁለተኛው ዝቅ ካለ «ምክር ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ ተለምዷል። ሦስተኛው ዝቅ ካለ ዕቅዱ በካርዱ ውስጥ ገጾች ተቀብሯል ማለት ነው፤ ከፊት ለፊቱ ሽፋን ላይ፣ ከቀጠሮው ቀን አጠገብ ይጻፍ።